በፋይበር ኔትወርክ ላይ ያልታየ ሰርቨር፦ ከብርሃን እስከ አገልግሎት ደረጃ በደረጃ የሚደረግ ምርመራ

በፋይበር ከስዊች ጋር የተያያዘ ሰርቨርን ሌሎች ኮምፒውተሮች ማግኘት በሚሳናቸው ጊዜ ብልሽቱን አስቸጋሪ የሚያደርገው፣ መነሻቸው እጅግ የተራራቀ ምክንያቶች ለተጠቃሚው አንድ ዓይነት ሆነው መቅረባቸው ነው። አቧራ የያዘ የፋይበር ጫፍ፣ በስዊቹ ላይ የተዘጋ ፖርት፣ በስህተት የተሞላ አድራሻ እንዲሁም የውጭ ጥያቄን የሚከለክል ፋየርዎል ሁሉም በተጠቃሚው ስክሪን ላይ የሚያሳዩት ሰርቨሩ እንደሌለ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ዕቃ በግምት እየቀያየሩ መሞከር ጊዜ ከማባከኑ በላይ በመጀመሪያው ብልሽት ላይ ሁለተኛ ሊጨምር ይችላል። አስተማማኙ መንገድ ከሥር ወደ ላይ፣ ማለትም ከብርሃን ወደ ሊንክ፣ ከሊንክ ወደ ስዊች፣ ከስዊች ወደ አድራሻ፣ ከአድራሻ ወደ ስምና አገልግሎት በቅደም ተከተል መውጣት ሲሆን፣ በመካከል ያሉ ሁለት ሠንጠረዦች ደግሞ ችግሩ በየትኛው ወገን እንዳለ ፈጥነው ስለሚጠቁሙ የምርመራው ዋና ምስክሮች ናቸው።

የዚህ መመሪያ መነሻ ምሳሌ፣ ዊንዶውስ ወይም ሊነክስ የተጫነበትና በኤስኤፍፒ ፕላስ ሞጁል አማካይነት በ10 ጊጋቢት ፍጥነት ከስዊች ጋር የሚገናኝ ሰርቨር ነው። ሞጁል የሚባለው በሰርቨሩ የኔትወርክ ካርድና በስዊቹ ፖርት ውስጥ የሚሰካ፣ የኤሌክትሪክ ምልክትን ወደ ብርሃን፣ ብርሃንን ደግሞ መልሶ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ትንሽ መሣሪያ ነው። ብዙ ጊዜ በሁለት የፋይበር ክሮች የሚሠራ ሲሆን፣ አንዱ ክር ለመላኪያ፣ ሌላው ለመቀበያ ያገለግላል።

ከመጀመር በፊት መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች

ማንኛውም ገመድ ከመነቀሉ በፊት ሦስት ጉዳዮች ይጣራሉ። የመጀመሪያው ሰርቨሩ የጠፋው ለማን እንደሆነ ነው፤ ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ ከሆነ ጥፋቱ በአብዛኛው በዚያው ኮምፒውተር ዘንድ ያለ ሲሆን፣ ለአንድ ፎቅ ወይም ሕንፃ ከሆነ በመካከል ያለውን ስዊች፣ ለሁሉም ከሆነ ደግሞ ሰርቨሩን ወይም የሰርቨሩን ፖርት ያመለክታል። ሁለተኛው የጠፋው በምን ሲፈለግ እንደሆነ ነው፤ በስሙ ሲጠራ የማይገኝ ሰርቨር በአይፒ አድራሻው ሲጠራ ከተገኘ፣ ፋይበሩን መመርመር ሳያስፈልግ በቀጥታ ወደ ሰባተኛው ደረጃ ይታለፋል። ሦስተኛው በቅርቡ የተለወጠው ነገር ምን እንደሆነ ነው። መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ የተከሰተ ብልሽት ከሆነ፣ በስዊቹ ላይ የተደረገ ማስተካከያ በቋሚነት ሳይቀመጥ ቀርቶ ስዊቹ እንደገና ሲነሳ መጥፋቱን መጠርጠር ይገባል፤ በብዙ ስዊቾች ላይ በሥራ ላይ ያለው ቅንብርና ለመነሻ የተቀመጠው ቅንብር የተለያዩ በመሆናቸው፣ ያልተቀመጠው ኃይል ሲቋረጥ አብሮ ይጠፋል።

ለምርመራው የሚያስፈልጉት የፋይበር ጫፍ ማጽጃ፣ መሥራቱ የተረጋገጠ መለዋወጫ ሞጁልና አጭር ፓች ኮርድ እንዲሁም፣ ከተገኘ፣ የብርሃን ኃይል መለኪያ ናቸው። ሞጁሎች የሚልኩት ብርሃን በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ሌዘር በመሆኑ፣ ብርሃን መኖሩን ለማየት በሚል የፋይበር ጫፍን ወይም የሞጁልን አፍ በቀጥታ መመልከት ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ደረጃ 1፦ ሰርቨሩና ካርዱ መሥራታቸውን ማረጋገጥ

ሰርቨሩ መነሳቱ የሚረጋገጠው በስክሪኑ ወይም ለርቀት መቆጣጠሪያ ብቻ በተለየው ፖርት በኩል ነው፤ ይህ ፖርት በኤችፒኢ ሰርቨሮች ላይ አይሎ፣ በዴል ላይ አይድራክ ይባላል። ቀጥሎ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የፋይበር ካርዱን ማወቁ ይታያል። ካርዱ በዊንዶውስ ዲቫይስ ማናጀር ወይም በሊነክስ የሃርድዌር ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ችግሩ ከካርዱ አቀማመጥ ወይም ከማዘርቦርዱ ሲሆን፣ ካርዱ እየታየ የኔትወርክ ስም ካልተሰጠው ደግሞ ችግሩ የድራይቨር ነው።

በዚህ ደረጃ በቀላሉ የሚታለፍ አንድ ጉዳይ አለ። በአዳዲስ የሊነክስ ስርጭቶች የኔትወርክ ካርድ ስም የሚወጣው ካርዱ ከተሰካበት ቦታ በመነሳት በመሆኑ፣ ካርዱ ወደ ሌላ ማስገቢያ ሲዛወር ስሙም ይለወጣል፤ የአይፒ አድራሻው ግን በአሮጌው ስም ስለተመዘገበ ካርዱ ያለ አድራሻ ይቀራል።

ደረጃ 2፦ የፋይበሩን መንገድ መመርመር

በካርዱና በስዊቹ ላይ ያሉት የሊንክ መብራቶች ሁለቱም ከበሩ ይህን ደረጃ አልፎ መሄድ ይቻላል። በአንዱ ወይም በሁለቱም በኩል ካልበሩ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የክሮቹ መገለባበጥ ነው። የአንዱ ወገን መላኪያ የሌላው ወገን መቀበያ ላይ መድረስ ሲገባው መላኪያ ከመላኪያ ጋር ከተጋጠመ ሁለቱም ወገኖች ይልካሉ እንጂ አንዳቸውም አይቀበሉም። መፍትሔው በአንደኛው ጫፍ ብቻ ሁለቱን የኤልሲ ኮኔክተሮች ማቀያየር ነው፤ በሁለቱም ጫፎች ከተቀያየሩ ስህተቱ እንደነበረ ይመለሳል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ቆሻሻ ነው። የነጠላ ሞድ ፋይበር ብርሃን የሚያልፍበት እምብርት ውፍረት 9 ማይክሮሜትር ገደማ፣ የመልቲሞድ ደግሞ 50 ወይም 62.5 ማይክሮሜትር ስለሆነ፣ በዓይን የማይታይ ብናኝ ወይም የጣት ቅባት የብርሃኑን መንገድ ለመዝጋት ይበቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ኮኔክተር ከመሰካቱ በፊት በማጽጃው ይጸዳል፤ በልብስ ወይም በእጅ መጥረግ ቅባትና ክር ስለሚጨምር አይገባም። የአቧራ መከላከያ ቆቦችም ፖርቱ ባዶ በሆነ ጊዜ ሁሉ መመለስ አለባቸው።

ሦስተኛው የገመድ ዓይነት አለመመጣጠን ነው። እንደተለመደው ቢጫ ልባስ ያለው ፓች ኮርድ ነጠላ ሞድ ሲሆን፣ ብርቱካናማው የቆየው መልቲሞድ፣ ውሃ ሰማያዊው ኦኤም3 ወይም ኦኤም4 የተባለው መልቲሞድ ነው። በነጠላ ሞድ መስመር መካከል አንድ የመልቲሞድ ፓች ኮርድ ከገባ ሊንኩ ጨርሶ ላይነሳ ወይም እየተነሳ ሊወድቅ ይችላል። የኮኔክተሩ ጫፍ ቅርጽም ልዩነት አለው፤ አረንጓዴው ጫፉ በ8 ዲግሪ ተዘቅዝቆ የተሠራ በመሆኑ ከሰማያዊው ጋር ሲጋጠም ብርሃን ከማባከን አልፎ ሁለቱንም ጫፎች ሊጎዳ ይችላል።

መስመሩ በፓች ፓነል በኩል የሚያልፍ ከሆነ፣ በምልክት ማድረጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ከእውነተኛው ክር ጋር መመሳሰሉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያገለግለው ቀይ ብርሃን የሚልክ የመስመር መፈለጊያ ሲሆን፣ በአንዱ ጫፍ ሲበራ በሌላው ጫፍ የሚወጣውን ክር ከመለየቱም በላይ በአጭር ርቀት ላይ የተሰበረ ወይም ከመጠን በላይ የታጠፈ ቦታን በሚያፈስሰው ቀይ ብርሃን ያሳያል። ከዚህ በፊት ክሩ ከሁለቱም ወገን ሞጁሎች መላቀቁ ይረጋገጣል።

ደረጃ 3፦ ሞጁሎቹንና የብርሃኑን ኃይል መለካት

በሁለቱ ጫፎች ያሉት ሞጁሎች በፍጥነትም በሞገድ ርዝመትም መጣጣም አለባቸው። ኤስአር የተባለው የአጭር ርቀት ሞጁል በ850 ናኖሜትር በመልቲሞድ ላይ ሲሠራ፣ በ10 ጊጋቢት የሚደርሰው ርቀት በኦኤም3 እስከ 300 ሜትር ነው፤ ኤልአር የተባለው ደግሞ በ1310 ናኖሜትር በነጠላ ሞድ እስከ 10 ኪሎሜትር ይደርሳል። በአንዱ ወገን ኤስአር፣ በሌላው ኤልአር ከተሰካ መገናኘት የለም። በአንድ ክር ብቻ የሚሠሩት ባይዲ ሞጁሎች ደግሞ ጥንድ ሆነው የሚገዙ ናቸው፤ አንዱ የሚልክበት የሞገድ ርዝመት ሌላው የሚቀበልበት መሆን ስላለበት፣ ሁለት አንድ ዓይነት ባይዲ ሞጁሎች ፊት ለፊት ቢሰኩ አይተያዩም።

ሞጁሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ካርዱ ወይም ስዊቹ ላይቀበለው ይችላል። አንዳንድ አምራቾች የራሳቸው ምልክት የሌለበትን ሞጁል ሲያገኙ ፖርቱን የሚዘጋ ሶፍትዌር ስለሚጭኑ፣ በስዊቹና በሰርቨሩ የክስተት መዝገብ ውስጥ «የማይደገፍ ሞጁል» የሚል መልእክት መፈለግ ተገቢ ነው። የኢንቴል ኤክስ520 ካርድ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው፤ የሊነክስ ድራይቨሩ ያልታወቀን ሞጁል የሚቀበለው በልዩ አማራጭ ሲፈቀድለት ብቻ ነው።

አብዛኞቹ የዛሬ ሞጁሎች የሚልኩትንና የሚቀበሉትን ብርሃን ራሳቸው ይለካሉ፤ ንባቡ በስዊቹ ላይ በፖርቱ ዝርዝር፣ በሊነክስ ላይ ኢትቱል በተባለው መሣሪያ ይገኛል። መለኪያው ዲቢኤም ሲሆን፣ 0 ዲቢኤም 1 ሚሊዋት፣ −10 ዲቢኤም ደግሞ የዚያ አንድ አሥረኛ ነው፤ በየ3 ዲቢው ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ወደ −40 የተጠጋ የመቀበያ ንባብ በተግባር ብርሃን የለም ማለት ነው።

ንባቡ ትርጉም የሚኖረው ከሚጠበቀው ኪሳራ ጋር ሲነጻጸር ነው። ለምሳሌ በሁለት ሕንፃዎች መካከል 2 ኪሎሜትር የሚሄድ የነጠላ ሞድ መስመር በኤልአር ሞጁሎች ቢገናኝና በመንገዱ ሁለት የኮኔክተር መጋጠሚያዎች ቢኖሩ፣ ለፋይበሩ በኪሎሜትር 0.4 ዲቢ፣ ለእያንዳንዱ መጋጠሚያ በዛ ቢባል 0.75 ዲቢ ተይዞ ጠቅላላ ኪሳራው 2.3 ዲቢ አካባቢ ይሆናል። ላኪው −2 ዲቢኤም ቢልክ ተቀባዩ ከ−4.3 ያላነሰ ማንበብ አለበት። ንባቡ −13 ቢሆን፣ ኤልአር እስከ −14.4 ድረስ መቀበል ስለሚችል ሊንኩ ሊነሳ ይችላል፤ ነገር ግን 9 ዲቢ የሚጠጋ ትርፍ ኪሳራ የቆሸሸ ጫፍን፣ የታጠፈ ገመድን ወይም መጥፎ ብየዳን ስለሚያመለክት፣ መብራቱ በርቷል ተብሎ መታለፍ የለበትም።

መለኪያ በሌለበት ሞጁሉንና ፖርቱን ከመስመሩ ለይቶ የሚፈትን ቀላል ዘዴ አለ፤ ይኸውም የአንዱን ሞጁል መላኪያ በአጭር ክር ከራሱ መቀበያ ጋር ማገናኘት ነው። የሊንክ መብራቱ ከበራ ሞጁሉና ፖርቱ ይሠራሉ፣ ጥፋቱም ወደ መስመሩ ወይም ወደ ሌላው ወገን ይዛወራል። ሆኖም ይህ ዘዴ ለ40 እና ለ80 ኪሎሜትር በተሠሩ ሞጁሎች ላይ ያለ ብርሃን ማዳከሚያ አይሞከርም፤ የሚልኩት ብርሃን የራሳቸውን መቀበያ ሊያበላሽ ይችላልና። ፈተናው በተጠቃሚዎች ስዊች ላይ ሲደረግም ፖርቱ ለአፍታ ብቻ እንዲነሳ ይደረጋል።

ደረጃ 4፦ የሊንክ ስምምነት

ብርሃን በሁለቱም ወገን እየደረሰ ሊንክ ካልተነሳ ምክንያቱ በአብዛኛው የፍጥነት ወይም የድርድር ልዩነት ነው። በመዳብ ገመድ የለመደ ባለሙያ ሁለቱ ወገኖች ፍጥነትን ራሳቸው ተደራድረው እንደሚስማሙ ይጠብቃል፤ በ10 ጊጋቢት የኦፕቲክ ፋይበር ላይ ግን እንዲህ ያለ የፍጥነት ድርድር የለም። ስለዚህ በአንዱ ወገን የ1 ጊጋቢት፣ በሌላው የ10 ጊጋቢት ሞጁል ከተሰካ ዝቅ ብሎ የሚስማማ ወገን አይኖርም። በ1 ጊጋቢት ፋይበር ላይ ድርድር ቢኖርም አንዱ ወገን በርቶ ሌላው ጠፍቶ ከሆነ፣ ድርድሩን ያጠፋው ወገን ሊንኩን እንደተነሳ ሲያሳይ ሌላው ወገን እንደወደቀ ያሳያል፤ በአንድ በኩል ብቻ የሚበራ መብራት ከዚህም ሊመነጭ ይችላል። በ25 ጊጋቢት ደግሞ ፌክ የሚባለው የስህተት ማረሚያ ዘዴ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት መሆን ይኖርበታል።

ሊንኩ ተነስቶ የፖርቱ የስህተት ቆጣሪ በየደቂቃው የሚጨምር ከሆነ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ተመልሶ ጫፎቹን ማጽዳት ያስፈልጋል።

ደረጃ 5፦ ስዊቹ የሚያውቀውን መጠየቅ

የመጀመሪያው ምስክር በስዊቹ ውስጥ ያለው የማክ አድራሻ ሠንጠረዥ ነው። ማክ አድራሻ እያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ የሚለይበት ቁጥር ሲሆን፣ ስዊቹ የትኛው ማክ በየትኛው ፖርትና ቪላን እንደመጣ በዚህ ሠንጠረዥ ይመዘግባል፤ ቪላን ደግሞ አንድን ስዊች እርስ በርሳቸው ወደማይተያዩ ክፍሎች የሚከፋፍል አሠራር ነው። የሰርቨሩ ማክ በትክክለኛው ፖርትና በትክክለኛው ቪላን ከተገኘ፣ ከሰርቨሩ የሚነሳው ብርሃን፣ ሞጁሉና ገመዱ ሥራቸውን እየሠሩ ስለሆነ ምርመራው ወደ አድራሻ ይሸጋገራል። ካልተገኘ፣ ሰርቨሩ ምንም ሳይልክ ዝም ብሎ እንዳይሆን ከራሱ ፒንግ እንዲልክ ተደርጎ ሠንጠረዡ እንደገና ይታያል።

ሊንክ ኖሮ ማኩ ካልተመዘገበ ወይም በሌላ ቪላን ከተመዘገበ የሚከተሉት ይመረመራሉ፦

- የቪላን ልዩነት፦ ስዊቹ ፖርቱን በአንድ ቪላን ብቻ ሲያስቀምጥ ሰርቨሩ ፓኬቶቹ ላይ የቪላን ምልክት እየለጠፈ ከላከ፣ ወይም ስዊቹ ምልክት እየጠበቀ ሰርቨሩ ያለ ምልክት ከላከ አይገናኙም። ይህ ቨርቹዋል ማሽኖችን በሚያሠሩ ሰርቨሮች ላይ አዘውትሮ ያጋጥማል።
- የፖርት ደኅንነት፦ ፖርቱ ለአሮጌው ካርድ ማክ ብቻ የተፈቀደ ከሆነ፣ ካርድ ሲቀየር ስዊቹ አዲሱን ይከለክላል ወይም ፖርቱን ይዘጋል።
- የተጣመሩ ፖርቶች፦ በስዊቹ ላይ ሁለት ፖርቶች በኤልኤሲፒ እንደ አንድ መስመር ተጣምረው ሰርቨሩ ለዚህ ካልተዋቀረ፣ ስዊቹ ፖርቶቹን ሊያግዳቸው ይችላል።
- የዙር መከላከያ፦ ስፓኒንግ ትሪ የተባለው አሠራር በነባሩ ስሪቱ አዲስ የተነሳን ፖርት ከመክፈቱ በፊት 30 ሰከንድ ያህል ያቆየዋል። ሰርቨሩ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከዲኤችሲፒ አድራሻ ጠይቆ ሊያጣ ስለሚችል፣ ለሰርቨር የተለየ ፖርት የመጨረሻ መሣሪያ የሚሰካበት ተብሎ እንዲዋቀር ይመከራል።

ደረጃ 6፦ አድራሻውን ማረጋገጥ

ሰርቨሩ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ከያዘ ዲኤችሲፒ፣ ማለትም አድራሻ የሚያድለው አገልግሎት፣ አልመለሰለትም ማለት ነው፤ ለሰርቨሮች ቋሚ አድራሻ የሚመረጠውም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ቋሚ አድራሻ ከተሰጠ ደግሞ አድራሻው፣ ማስኩና ጌትዌዩ ተራ በተራ ይነበባሉ። የማስክ ስህተት ሰርቨሩን ለአንዳንዶች ብቻ የሚታይ ሲያደርገው፣ የጌትዌይ ስህተት ለራሱ ቪላን የሚታይ፣ ለሌሎች ቪላኖች ግን የተሰወረ ያደርገዋል። ሰርቨሩ ከፋይበሩ ሌላ የመዳብ ካርድ ካለው፣ ሁለቱም በአንድ ንዑስ ኔትወርክ ውስጥ መሆን ወይም ለሁለቱም ጌትዌይ መሙላት መልሱ ጥያቄው ባልገባበት በር እንዲወጣና እንዲጠፋ ሊያደርግ ይችላል።

ሁለተኛው ምስክር የኤአርፒ ሠንጠረዥ ነው። ኤአርፒ የአይፒ አድራሻን ከማክ አድራሻ ጋር የሚያገናኝ አሠራር ሲሆን፣ በዚያው ቪላን ካለ ኮምፒውተር ሰርቨሩ ፒንግ ከተደረገ በኋላ ሠንጠረዡ ይነበባል። የሰርቨሩ አይፒ ከትክክለኛው ማክ ጋር ከተመዘገበ፣ ፒንጉ ባይመለስም እንኳ ሰርቨሩ ለጥያቄው መልስ ሰጥቷልና ጥፋቱ በፋየርዎል ወይም ከዚያ በላይ ነው። ከሌላ ማክ ጋር ከተመዘገበ ያንኑ አድራሻ የያዘ ሌላ መሣሪያ አለ። ምንም ካልተመዘገበ ቪላኑና አድራሻው እንደገና ይፈተሻሉ።

ደረጃ 7፦ ፋየርዎል፣ ስምና አገልግሎት

ዊንዶውስ ያላወቀውን ኔትወርክ በሕዝባዊነት መድቦ ጥብቅ የፋየርዎል ደንብ ስለሚያደርግበት፣ ካርድ ከተቀየረ ወይም ሰርቨሩ እንደገና ከተነሳ በኋላ ምድቡን ማየት ይገባል። የፒንግ መከልከል ብቻውን የሰርቨር መጥፋት ማስረጃ ስላልሆነ፣ የአገልግሎቱ ፖርት ራሱ ይፈተናል፤ ለፋይል ማጋራት 445፣ ለሩቅ ዴስክቶፕ 3389፣ ለኤስኤስኤች 22 ነው። ፋየርዎሉን ጨርሶ ከማጥፋት ይልቅ ለሚያስፈልገው ፖርት ብቻ ፈቃድ መስጠት ይመረጣል።

በአይፒ ተገኝቶ በስም የማይገኝ ሰርቨር የዲኤንኤስ ችግር አለበት፤ አዲስ አድራሻ ከተሰጠው በዲኤንኤስ ላይ ያለው አሮጌ መዝገብ ይታረማል፣ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠው ጊዜያዊ መዝገብም ይጸዳል። በዊንዶውስ የኔትወርክ ዝርዝር ውስጥ አለመታየት ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ስሪት 1709 ጀምሮ ኤስኤምቢ1 የተባለው አሮጌ ፕሮቶኮል በአዲስ ጭነት ላይ አብሮ ስለማይመጣ፣ በእሱ ላይ የተመሠረተው የቀድሞ ዝርዝርም ቀርቷል። ኮምፒውተሮች በዝርዝሩ ውስጥ እንዲታዩ የኔትወርክ ዲስከቨሪ መፈቀድና ፈንክሽን ዲስከቨሪ ሪሶርስ ፐብሊኬሽን የተባለው አገልግሎት መነሳት አለበት። ሆኖም ሰርቨሩ በዝርዝሩ ባይኖርም በስሙ በቀጥታ ተጠርቶ ፋይሎቹ ከተከፈቱ ኔትወርኩ ጤነኛ ስለሆነ፣ አሮጌውንና ለጥቃት የተጋለጠውን ኤስኤምቢ1 መልሶ ማብራት አያስፈልግም።

ፒንግ እየተመለሰ ትልቅ ፋይል ሲላክ የሚቆም ከሆነ የፓኬት መጠን ልዩነት ይጠረጠራል። ሰርቨሩ 9000 ባይት ሲልክ በመንገዱ ያለ ስዊች ከ1500 በላይ የማያሳልፍ ከሆነ ትልልቆቹ ፓኬቶች ይወድቃሉ፤ ይህን ለማየት መከፋፈል ተከልክሎ በ8972 ባይት፣ ቀጥሎ በ1472 ባይት ፒንግ ይደረጋል። ትንሹ አልፎ ትልቁ ከቀረ በመንገዱ ላይ ያሉ መሣሪያዎች ሁሉ በአንድ መጠን ይዋቀራሉ።

በተለየ ሥርዓት የሚሠሩ ሁለት የፋይበር ኔትወርኮች

ፋይበር ቻናል በተባለው የማከማቻ ኔትወርክ ላይ እስከ አራተኛው ደረጃ ያለው የብርሃን ምርመራ አንድ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን በአይፒ ፋንታ ደብሊውደብሊውፒኤን የተባለ የካርድ መለያ ቁጥር ይፈለጋል። ቁጥሩ በስዊቹ ላይ ከተመዘገበ በኋላ ሰርቨሩና ማከማቻው በአንድ ዞን ውስጥ መሆናቸው፣ ማከማቻውም ዲስኩን ለዚያ ቁጥር መፍቀዱ ይረጋገጣል። ካርድ ከተቀየረ ቁጥሩ ስለሚለወጥ ሁለቱም መታደስ አለባቸው።

በቴሌኮም አቅራቢዎች ጂፖን መስመር ላይ ደግሞ አንድ ፋይበር ለብዙ ደንበኞች ይከፋፈላል፤ የደንበኞቹ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው በቀጥታ እንዳይነጋገሩ ማድረግም የተለመደ ነው። ስለዚህ ሁለት ቅርንጫፎች እያንዳንዳቸው ኢንተርኔት ቢያገኙም የአንዱ ሰርቨር ለሌላው አለመታየቱ የብልሽት ምልክት ላይሆን ይችላል፤ መገናኘት ካለባቸው ከአቅራቢው የግል መስመር ወይም ቪፒኤን ያስፈልጋል።

ከጥገናው በኋላ የሚቀመጥ መዝገብ

በምርመራው ጊዜ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፣ ውጤት ያላመጣ ለውጥም ወደነበረበት ይመለሳል፤ አለበለዚያ ሰርቨሩ ሲታይ የረዳው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ሥራው ሲያበቃ የስዊቹ ቅንብር በቋሚነት ይቀመጣል። ቀጥሎም የሰርቨሩ ማክና አይፒ አድራሻ፣ የስዊቹ ፖርትና ቪላን፣ የፓች ፓነሉ ቁጥር፣ የሞጁሉ ዓይነት እንዲሁም በሁለቱም ጫፎች የተነበበው የብርሃን ኃይል ከነቀኑ በአንድ ገጽ ይመዘገባል። ከሁሉም ይበልጥ የሚጠቅመው የመጨረሻው ነው፤ መስመሩ ጤነኛ በነበረበት ቀን የተወሰደ ንባብ ካለ፣ በሚቀጥለው ብልሽት ከብርሃን መጀመር ወይም በቀጥታ ወደ አድራሻ መሄድ እንደሚገባ በአንድ ንጽጽር ይታወቃል።